ደንገጎ ላይ አልገባም ያለው ማርሽ

ነገር ሁሉ የተበላሸው የቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ዓመቱ ይቅር፤ ዓመት የሚቆጥሩት ጊዜው ያለፈላቸው ሰዎች ናቸው። አሥራደው የያዘው ቀኗን ነው፤ ፀሐይዋን፣ አቧራዋን፣ የሳቁን ድምፅ ጭምር።

ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ነው። ታች ሙቀት፣ ላይ ንፋስ፣ መሃሉ ጠመዝማዛ። ያን ዕለት የከተማው የመኪና ክለብ የዳገት ውድድር አዘጋጅቶ ሕዝቡ በመንገዱ ዳርና ዳር ተኮልኩሎ ነበር። አሥራደው ያኔ ከዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀ፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ስለ ሞተርና ማርሾቹ ስለሚቀመጡበት ካምቢዮ ሊያስተምር ገና ሥራ የያዘ ወጣት ነው። የሚነዳት መኪና አጎቱ ያወረሱት ነች፦ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ያኔም ያረጀች የጣሊያን ስፖርት መኪና። በክለቡ ደንብ መሠረት ከውድድሩ በፊት መኪናዎች ሁሉ በክለቡ ግቢ ያድራሉ፤ እሷም እዚያው አድራ ጠዋት መነሻው መስመር ላይ አስረከቡት።

ትልቁ መታጠፊያ ጋ ሲደርስ ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ እጁን ሰደደ። ማርሹ ተንጫጫ እንጂ አልገባም። ደግሞ ሞከረ፤ ተንጫጫ። የማርሹ ዘንግ መዳፉን እንደ ፍም ፈጀው፤ ከወለሉ ስር የተቃጠለ ዘይት ሸተተው። ቀይዋ መኪና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቀስ እያለች ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

የክለቡ ሊቀመንበር አቶ ልሳነወርቅ ድምፅ ማጉያ ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ማጉያውን አፋቸው ላይ ደቀኑና፣ «ወገኖቼ! ዩኒቨርሲቲ ማርሽ መቀየር አያስተምርም!» አሉ።

ተራራው ሙሉ ሳቀ። አሥራደው ወርዶ ከመኪናዋ ስር ገባና የጭስ ቧንቧው ሽቅብ ተስቦ ከካምቢዮው ጎን ተለጥፎ አየው። «ይኸው! ካምቢዮውን የጠበሰው ቧንቧው ነው! ማን ነው የሳበው?» ብሎ ጮኸ። እሱ በጉሮሮው፣ እሳቸው በማጉያ። «መኪናዋን ማንም አልነካትም፤ ያቃጠላት የገዛ እጁ ነው» አሉ፤ ያለቀለት ፍርድ ሆነ። ትምህርት ቤቱም ሳይውል ሳያድር ካምቢዮ ያቃጠለ ሰው ስለ ካምቢዮ አያስተምርም ብሎ አሰናበተው። ሥራው ሄደ፣ ቅጽል ስም ቀረለት፦ ኢንጂነር አልገባም።

እንግዲህ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ አሥራደው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈለገ። ሹመት አልፈለገም፣ ካሳም አልፈለገም። ሁለተኛ ማርሽ ደንገጎ ላይ እንዲገባለት ብቻ። በዚያው እጅ፣ በዚያው መኪና፣ በዚያው መታጠፊያ ማርሹ ከገባ እጁ ንጹሕ ነው። እጁ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ መልስ ያለበት ሌላ ሰው ነው።

ምክር አልጎደለበትም። አንዱ ካምቢዮውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አለው፤ ጆንያ ደርቆ እንደሚቃጠል ግን አላሰበም። ሌላው ዳገቱ መሃል እየቆምክ ውሃ ድፋበት አለው። አሥራደው ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቶ አንዱንም አላደረገም። ምን እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ያን ቀንም ያውቅ ነበር። ካምቢዮውን ፈትቶ፣ የተበላውን ጥርስ ለውጦ፣ አጥቦ ገጥሞታል። መኪናዋም ሜዳ ላይ እንደ ሚዳቋ ትሮጣለች። ደንገጎ ስትደርስ ግን ያው ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ለገሃሬ ካለው ቤቱ ደጃፍ፣ ዛፍ ጥላ ስር፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠና የማርሹን ዘንግ ጨበጠ። ከዚህ በኋላ ነገሩ እየረዘመ ነው የሚሄደውና አንዱን ሳትጥሉ ተከተሉኝ።

«ማርሽ ሆይ፣ ግባ! ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልገባም» አለ ማርሹ። «ሜዳውን ልሩጥልህ፣ ዳገቱን ግን ተወኝ። እዚያ ስንደርስ ዘይቱ ቀጥኖ ውሃ ይሆንብኛል፤ ጥርስ በውሃ አይያዝም። ጉዳይህን ለዘይቱ ንገረው።»

አሥራደው ወደ ዘይቱ ሄደ።

«ዘይት ሆይ፣ ወፈር በል! ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልወፍርም» አለ ዘይቱ። «እኔ ስፈጠር ወፍራም ነበርኩ፤ ወድጄ አልቀጠንኩም። ጎኔ ላይ ቀን ሙሉ ፍም ሆኖ የሚውል ቧንቧ ተጋድሟል። በል አንተ እሳት ዳር ሆነህ ወፍረህ አሳየኝ! ለቧንቧው ንገረው።»

አሥራደው በጀርባው ተንጋሎ ከመኪናዋ ስር ገባ።

«ቧንቧ ሆይ፣ ራቅ በል! ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልርቅም» አለ ቧንቧው። «ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚረግመው። የሞተሩን እሳት ተሸክሜ አወጣለሁ እንጂ እሳቱን አላነደድኩ! መራቅ ጠልቼ መሰለህ? ማንጠልጠያው ሽቅብ ጎትቶ ከካምቢዮው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ አስሮኛል። ለሱ ንገረው።»

አሥራደው እጁን ዘርግቶ ማንጠልጠያውን ነካው። ዝገት የበላው ብረት፣ በላዩ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበት።

«ማንጠልጠያ ሆይ፣ ልቀቅ! ማንጠልጠያው ካልለቀቀ ቧንቧው አልርቅም አለ፤ ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልለቅም» አለ ማንጠልጠያው። «አንዴ ለቅቄልህ አልነበር? መንገድ ወጥተህ የሰፈሩን ጉብታ ስታልፍ ቧንቧውን ጨፍልቆ እንደ ቂጣ አላደረገልህም? መልሰህ ሽቅብ ያሰርከኝ አንተው ነህ። ጉብታው እዚያ ቆሞ እኔ አልላላም። ለሱ ንገረው።»

እውነት ነው። የአሥራደው መንገድ የክለቡም መንገድ ነው፤ ግቢው ከቤቱ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው ያለው። በክለቡ ግቢና በአስፋልቱ መሃል አንድ የሲሚንቶ ጉብታ አለ፤ የመኪና ፍጥነት ማብረጃ ተብሎ የተሠራ፣ ከማብረድ አልፎ የሚያስቆም፣ ከፍ ብሎ የተጀነነ ጉብታ። ዝቅ ላለች መኪና ተራራ ነው። ሌላ መውጫም የለም።

አሥራደው ጉብታው ዘንድ ሄዶ ቆመ።

«ጉብታ ሆይ፣ ውረድ! ጉብታው ካልወረደ ማንጠልጠያው አልለቅም አለ፤ ማንጠልጠያው ካልለቀቀ ቧንቧው አልርቅም አለ፤ ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልወርድም» አለ ጉብታው። «እኔ ሲሚንቶ ነኝ፤ ያስቀመጡኝ ቦታ ነው የምቀመጠው። የተከለችኝ አዴ ኢፍቱ ናት። ሰፈርተኛውን አስተባብራ፣ አሸዋ አስመጥታ፣ በእጇ ልስን አድርጋ ነው ያስቀመጠችኝ። በዚህ ሰፈር ደንብ ጉብታን የሚያስፈርሰው ያስተከለው ሰው ነው። እሷ ሳትፈቅድ ጫፌን የነካ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ይጣላል። ለሷ ንገራት።»

አዴ ኢፍቱ ከጉብታው ፊት ለፊት ኦቾሎኒ እየቆላች የምትሸጥ ሴት ናት። አሥራደው በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ግንቡ ያዞራል፤ ከዚያ ዕለት ወዲህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያልፈው እንደዚያ ነው። አሁን ግን ወደሷ ዞረ።

«አዴ ኢፍቱ፣ እንዴት አደርሽ?»

እሷ ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። «አቦ! ኢንጂነሩ አፍ አለው ለካ! ምን ሆነህ ነው? ሰው ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም። አዴ ኢፍቱ፣ ጉብታውን አስፈርሺ! አንቺ ካላስፈረስሽ ጉብታው አልወርድም አለ፤ ጉብታው ካልወረደ ማንጠልጠያው አልለቅም አለ፤ ማንጠልጠያው ካልለቀቀ ቧንቧው አልርቅም አለ፤ ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«እንዴ! ይሄን ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ ስታናግር ከርመህ ነው እኔ ዘንድ የመጣኸው? ከጉብታ በኋላ?» ሳቀችበት። «አላስፈርስም። ያ ክለብ መኪናውን እያስጓራ አቧራውን ኦቾሎኒዬ ላይ ሲደፋው ነው ያስተከልኩት። አሁንም ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ሁሉም ባለ ክንፍ ነው። አሸዋ ያለበት ኦቾሎኒ በየትኛው ጥርስ ይበላል? በመንገዱ በኩል የቆርቆሮ ከለላ ቢቆምልኝ ጉብታው ለምኔ! ኢብሮ ይቀጥቅጥልኝ፣ እኔም ላስፈርስልህ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽውም?»

«ጠየቅሁት እንጂ! ነገ ይለኛል። የኢብሮ ነገ እንደ ደንገጎ መታጠፊያ ነው፤ አንዱን ሲያልፉት ሌላው ይመጣል። ሂድና አንተ ንገረው።»

ኢብሮ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ጎን ቀጥቅጦ ያቃናል። ሆዱ ሰፊ፣ መዶሻው ትንሽ፣ አፉ ከሁለቱም የበለጠ። አሥራደው ሲደርስ ከአንድ ሚኒባስ በር ጋር እየታገለ ነበር።

«ኢብሮ፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጥ! ኢብሮ ካልቀጠቀጠ ኢፍቱ አላስፈርስም አለች፤ ኢፍቱ ካላስፈረሰች ጉብታው አልወርድም አለ፤ ጉብታው ካልወረደ ማንጠልጠያው አልለቅም አለ፤ ማንጠልጠያው ካልለቀቀ ቧንቧው አልርቅም አለ፤ ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

ኢብሮ መዶሻውን አስቀመጠና ላቡን ጠረገ። «ድገምልኝማ ኢንጂነር፣ ዘይቱ ጋ ጠፋሁብህ።»

«አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም። አልቀጠቅጥም ነው የምልህ።»

«ለምን?»

«አቦ ስማኝ። የዚህን ከተማ መኪና ሁሉ ጎን ቀጥቅጬአለሁ። ሰው እያጣመመ ያመጣል፣ እኔ እያቃናሁ እመልሳለሁ። አንድም ሰው ግን፣ አንድም! ‹ና ኢብሮ፣ አቃንተሃታልና ግባባት፣ ደንገጎ ወጥተህ ንፋስ ተቀበል› ያለኝ የለም። ያቺ ቀይዋ ሁለተኛ ወንበር አላት። ስንት ዘመን አየኋት፣ ሁልጊዜ ባዶ ናት።»

«ባዶ አይደለችም። የመፍቻ ሻንጣ አለባት።»

«መፍቻ ኋላ ይቀመጣል። እዚያ ያስቀመጥከው ቂምህን ነው።»

አሥራደው ፊቱ ጠቆረ። «አንተም ያን ቀን ስቀሃል። አይቼሃለሁ።»

«ስቄአለሁ!» አለ ኢብሮ ደረቱን ነፍቶ። «ባርኔጣህ በርሮ አንዲት ፍየል ቀንድ ላይ ሲቀመጥ ማን ነው የማይስቅ? ፍየሏ እንኳ ብትችል ትስቅ ነበር። በካምቢዮህ ግን አልሳቅሁም። የሰው ንብረት ሲቃጠል የሚስቅ ባትላሜራ የለም፤ ጠይቅ። አሁን ወይ ወንበሯን ልቀቅልኝ፣ ወይ የሚኒባሱን በር ልቀጥቅጥ፣ ተወኝ።»

አሥራደው ተመለሰ። መኪናዋ ዘንድ ቆሞ ያችን ወንበር አያት። ቆዳዋ ተሰነጣጥቋል፣ ሻንጣው ጉድጓድ አበጅቶባታል። እንግዲህ ማንን ይጠይቅ? የቀረው ራሱ ነው።

«አሥራደው ሆይ፣ ወንበሩን ልቀቅ! አሥራደው ካልለቀቀ ኢብሮ አልቀጠቅጥም አለ፤ ኢብሮ ካልቀጠቀጠ ኢፍቱ አላስፈርስም አለች፤ ኢፍቱ ካላስፈረሰች ጉብታው አልወርድም አለ፤ ጉብታው ካልወረደ ማንጠልጠያው አልለቅም አለ፤ ማንጠልጠያው ካልለቀቀ ቧንቧው አልርቅም አለ፤ ቧንቧው ካልራቀ ዘይቱ አልወፍርም አለ፤ ዘይቱ ካልወፈረ ማርሹ አልገባም አለ፤ ማርሹ ካልገባ እኔ ደንገጎን አልወጣ።»

«አልለቅም» አለ አሥራደው ለአሥራደው። «የሳቀብኝን ሰው ጎኔ አስቀምጬ...» ብሎ ጀመረና ለማን ንገር እንደሚለው አጣ። ማርሹ ዘይቱ አለው፣ ዘይቱ ቧንቧው አለው፣ ጉብታ እንኳ ኢፍቱ አለችው። ከሱ ወዲያ የሚላክበት ደጅ የለም። ሰንሰለቱ እጁ ላይ አለቀ።

ሻንጣውን አንሥቶ ከኋላ ጣለው። ይቅርታ አደረገ እንዳትሉኝ፤ አላደረገም። ወንበር ነው የለቀቀው።

«ኢብሮ! ና ግባ!» ብሎ ከደጁ ተጣራ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ገመድ የተፈታው እንዲህ ነው። አሥራደው ወንበሩን ለቀቀ፣ ኢብሮም የሚኒባሱን በር እንደተጣመመ ጥሎ ሙሉ ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ። ከትልቁ ቆርጦ ለኢፍቱ ከለላ ቀጠቀጠ፤ ከትራፊው አሥራደው በጣቱ እየለካ ለመኪናዋ ሌላ አስቆረጠው።

«ይህቺንስ ካምቢዮው ላይ ልለጥፋት?» አለ ኢብሮ ከመኪናዋ ስር ሆኖ።

«እንዳታስነካው! ካምቢዮውን ከነካች እሷ ራሷ መጥበሻ ትሆናለች። ቧንቧውንም እንዳትነካ። መሃል ላይ ትቁም፤ በዚህም በዚያም አየር ይለፍ።»

«አየር ምን ያደርጋል?»

«ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ካንተ ወሬ በቀር ዳገት ላይ የማይቀዘቅዝ ነገር የለም።»

ኢብሮ ከስር ሆኖ ሲስቅ መኪናዋ ተነቃነቀች። ከሰው ጋር ከቀለደ ስንት ዘመን እንደሆነው አሥራደው አላሰበም።

ኢፍቱ ከለላዋን አቁማ፣ ዞር ብላ አይታ፣ በእጇ ጠብ ጠብ አድርጋ ስትጨርስ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠራች። «በሉ ዶማችሁን አምጡ! ጉብታው ይውረድ! ጨርሶ አይጥፋ፣ ጀርባው ብቻ ይላጭ።» ጎረምሶቹ ቆፈሩ፣ ጉብታው ወረደ። ጉብታው ሲወርድ ማንጠልጠያው ሽቦውን ለቀቀ። ማንጠልጠያው ሲለቅ ቧንቧው ከካምቢዮው ጎን ራቀና ድሮ ወደነበረበት ዝቅ አለ።

ኢፍቱ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ «አዎ፣ አሁን ወደ ቦታው መለሳችሁት» አለች።

አሥራደው መፍቻውን እንደያዘ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ዝቅ ያለ ነበር አልኩህ። የጥምቀት ዕለት፣ አንተ ገና ወደዚህ ሰፈር ሳትገባ፣ ሰዉ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ እኔ እዚችው ኦቾሎኒ እሸጣለሁ፤ ያንተን መኪና ወደ ግቢያቸው ሊያስገቡ ሲሉ ሆዷ ጉብታዬ ላይ ተንገጫገጨ። ክሪክ አምጥተው አነሷትና ቧንቧዋን በሽቦ ሽቅብ አሰሩት። ያ ባለ ማጉያው ራሱ አናታቸው ላይ ቆሞ፣ ‹ሳብ! ሳብ! ገና ሳብ!› ሲል ኦቾሎኒዬን ከእጄ እየዘገነ ይበላ ነበር።»

ጎረምሶቹ ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አሥራደው።

«ማን ጠየቀኝ? ለጉብታው ላዋይ? አንተ በዚህ ስታልፍ ግንቡን ታያለህ። እነሱ ደግሞ የኦቾሎኒ ሻጭ አይን አለው ብለው አያስቡም።»

አሥራደው መፍቻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት። «ተነሥ ኢብሮ» አለ።

«አሁን? ፀሐዩ አናት ላይ ነው! ጥላ በረድ ሲል እንወጣለን እንጂ፣ ድሬ በዚህ ሰዓት ማን ይንቀሳቀሳል?»

«ያን ቀንም አናት ላይ ነበር። ፀሐዩም ያው ይሁን፣ ሰዓቱም ያው ይሁን። በጥላ ወጣ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ወጡ። ቀይዋ መኪና የተላጨውን ጉብታ ሳትነካ አለፈች፤ ኢፍቱ በማንኪያዋ ሸኘቻቸው። አስፋልቱ ከሩቅ ሲታይ ውሃ ያዘለ ይመስላል። ዳገቱ ተጀመረ፣ ሞተሩ አገሳ። ኢብሮ ወንበሩን ሞልቶ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ ያገኘውን እግረኛ ሁሉ እንደ ሹም በእጁ ሰላም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን መዳፉን በሁለቱ ወንበሮች መሃል ባለው ወለል ላይ አሳረፈ።

«ኢንጂነር።»

«ምን?»

«ለብ ያለ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ትልቁ መታጠፊያ መጣ። ያው ድንጋይ፣ ያው ገደል፣ ያው ፀሐይ። አሥራደው ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ ዘንጉን ጨበጠ። ዘንጉ አልፈጀውም። ወንበሩ ተለቅቆ፣ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ፣ ኢፍቱ አስፈርሳ፣ ጉብታው ወርዶ፣ ማንጠልጠያው ለቅቆ፣ ቧንቧው ርቆ፣ ዘይቱ ወፍሮ፣ ማርሹ ገባ።

ሳይንጫጫ ነው የገባው። ቢላዋ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ ኢብሮ፤ ተራራው መልሶ ጮኸለት። «ገባ አቦ! ገባ! ሰማችሁ?» የሰማ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጫት የጫነ አይሱዙ ብቻ ጥሩምባ ነፋላቸው።

አሥራደው አልጮኸም። ሁለተኛ ላይ እንዳለ ዳገቱን ጨረሰው፣ አናቱ ላይ ንፋሱ ተቀበላቸው፣ እሱ ግን ለንፋሱ አልቆመም። ከመንገዱ ዳር ባለ አንድ ግቢ በር ላይ ደረሰና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ወረደ። አቶ ልሳነወርቅ ጡረታ ወጥተው የሚኖሩት እዚያ ነው። በረንዳቸው ላይ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ተቀምጠዋል። ማጉያቸው የለም።

«ማን ነው?» አሉ።

«አሥራደው ነኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አደረጉና መኪናዋን አዩዋት። «ኦ! ኢንጂነር አልገባም!» ብለው ሳቁ። ብቻቸውን ሳቁ። ያለማጉያ ሳቃቸው ከበረንዳው አይወርድም።

«ገብቷል ጌታዬ» አለ ኢብሮ ከወንበሩ ሳይነሣ። «በዚያው መታጠፊያ፣ በዚሁ እጅ። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ባላምነው ኖሮ ይህን ሁሉ ሥጋ ይዤ እዚህ እወጣ ነበር?»

«እንኳን ደስ ያላችሁ። ታዲያ ምን ልርዳችሁ?»

«መልስ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለ አሥራደው።

«ልጄ፣ ያ ነገር እኮ ድሮ ነው። ማን ያስታውሰዋል?»

«ኢፍቱ ታስታውሰዋለች። የጥምቀት ዕለት ኦቾሎኒ ከእጇ እየበሉ ነበር፤ ቧንቧውን ሽቅብ ሲያስጎትቱት።»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቁን አቆሙ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ቤታቸው በር ዞር አሉ፣ መልሰው ዞሩ።

አሥራደው የበረንዳውን ደረጃ አልወጣም። ታች ቆሞ፣ ሞተሩ ከኋላው እየተነፈሰ፣ ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለ፦

«ማርሹን ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ዘይቱን ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ቧንቧውን ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ። ማንጠልጠያው መለሰልኝ፣ ጉብታው ሲሚንቶ ሆኖ ሳለ መለሰልኝ። ኢፍቱ መለሰችልኝ፣ ኢብሮ መለሰልኝ፣ ወንበር ልቀቅ ስባል እኔም ለራሴ መለስኩ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያልመለሱልኝ አንድ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። አልቸኩልም፤ ካምቢዮዬ ቀዝቃዛ ነው፣ እስኪመሽ እቆማለሁ። አቶ ልሳነወርቅ፣ ‹ሳብ› ያለው ማን ነው? ይመልሱልኝ።»